ከመስታወቱ ጋር የመጣች

የአጎቴን ሚስት ከገዛ ቤቷ ያስወጧት አባቴና አክስቴ ናቸው። ያመካኙት ደግሞ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር በማትበልጥ ሸረሪት ነው። ሸረሪቷን ያገኘኋት እኔ ስለሆንኩ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ጨዋታው ወደ እኔ ይዞራል። «ያቺ የአንቺ ሸረሪት እኮ ናት ያባረረቻት!» ይላል አንዱ። ይስቃሉ። ልጅ ሳለሁ አብሬ እስቅ ነበር። በእነሱ ታሪክ የአጎቴ ሚስት ሸረሪት የምትፈራ ቅምጥል ሴት ናት፤ ደነገጠች፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች፣ አለቀ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው።

ሴትዮዋ ሸረሪት አትፈራም ነበር። መዳፏ ላይ እያዘለለች ያሳየችኝ እሷ ናት።

ቤታችን መስታወት ቤት ነበር። ከታች ይቆረጣል፣ ይሞረዳል፣ ፍሬም ይገባለታል፤ ከላይ እንኖራለን። አያቴ ለሁለት ወንዶች ልጆቹ እኩል አውርሶት እንደሞተ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የአባቴ ቤት ነበር፤ አባቴ እንደዚያ ስለሚለው። መቁረጫዋ አልማዝ መስታወት ላይ ስትሄድ የምታወጣው ጥርስ የሚያሳክክ ጭረት የጠዋት ደወላችን ነው። በባዶ እግር መሄድ ክልክል ነው። ግድግዳው ላይ የተደገፉት ትልልቅ መስታወቶች ከኋላቸው እንደ ድንኳን ያለ ክፍተት ይተዋሉ፤ ያ ክፍተት የእኔ መኖሪያ ነበር። እዚያ ቁጭ ብዬ የሰው እግር አያለሁ፣ የሰው ወሬ እሰማለሁ። «ይቺ ቁንጫ ደግሞ የት ገባች?» ይላል አባቴ። ቁንጫዋ እግሩ ሥር ናት።

አጎቴ መስታወት ለመግዛት ባሕር ማዶ ተልኮ ሚስት አግብቶ ተመለሰ። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር «ለመስታወት ልከነው ሚስት ይዞ መጣ» ትላለች። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። አጎቴ «ሙሽራ» እያለ ስለሚጠራት ሁላችንም ሙሽራ አልናት። የራሷን ስም የቻለበት ሰው የለም፤ የሞከረም የለም። አሁን ልፈልጋት ብነሳ የምጽፈው ስም የለኝም። አባቴን ጠይቄው ነበር። «ምን ይሆን? ረዘም ያለ ነገር ነው» አለኝ፣ ቴሌቪዥኑን እያየ። ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖራለች፤ እስኪደክማት መስታወት ሞርዳለታለች፤ ስሟ «ረዘም ያለ ነገር» ነው።

ከዚያ አጎቴ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሙሽራ ላይኛው ፎቅ ጥግ ያለችው ክፍላቸው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ወደ አገሯ አልተመለሰችም፤ የምትመለስበትም ያላት አይመስለኝም። ጠዋት ጠዋት ትወርዳለች፣ ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ጠርዝ ትሞርዳለች። አባቴ በሰው ፊት «እግዜር ይስጥሽ የኔ እህት» ይላታል። ከጀርባዋ ሌላ ስም እንዳወጡላት አላውቅም ነበር።

አጎቴ ሳይሞት ያዘዘው የመጨረሻ ጭነት የደረሰው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የእንጨት ሣጥኖቹ ሲከፈቱ ጭዱ እርጥበት እርጥበት፣ ጨው ጨው ይሸት ነበር። አባቴና ሠራተኞቹ አንዱን መስታወት አውጥተው አቆሙት፤ እኔ ጭዱን ልሰበስብ ጎንበስ ስል መስታወቱ ላይ አየኋት። ግራጫ ናት፣ ፀጉራም፣ ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር አላት። ሌላ ሸረሪት ሰው ሲያይ ይሸሻል። ይቺ ዞር ብላ አየችኝ። ዝም ብላ አይደለም፤ ልክ በስሟ እንደጠራኋት አንገቷን ሰበር አድርጋ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞረችና የራሷን ምስል ስታይ የፊት እግሮቿን ወደ ላይ አነሳች፤ ና ይዋጣልን አለችው። ምስሉም ይዋጣልን አላት። ዘለለች። ወደቀች። ተመልሳ ወጣች።

ሳቅ ከኋላዬ ሰማሁ። ሙሽራ ጓንቷን እንዳጠለቀች ቆማለች። አጎቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

«ውይ! ያገሬ ልጅ!» አለች።

«ታውቂያታለሽ?»

«እኛ ጋ ግድግዳው ሁሉ የእሷ ነው። ዝንብ ትበላልናለች፤ ማንም አይነካትም።» ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ዘረጋች። ሸረሪቷ ትንሽ አሰበችና ዘላ መዳፏ ላይ አረፈች።

«ድሯስ የታለ?»

«ድር ለሰነፍ ነው። ይቺ አድና ነው የምትበላው።»

ሸረሪቷን በማርማላታ ጠርሙስ አድርጌ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። የሳይንስ አስተማሪያችን አንዴ አየቻት፣ አጎንብሳ ደግማ አየቻት፣ ከዚያ የምታውቀው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ሰውዬ ጋ ስልክ ደወለች። ሥራው ሸረሪት ማጥናት ነው አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለ ስሰማ የራሴን የወደፊት ኑሮ እዚያው ወሰንኩ። የወሰንኩትንም አደረግኩት፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሸረሪት አጥኚው ራሱ ሱቃችን ድረስ መጣ። ቀጭን ሰው ነው፤ ሸሚዙ በአንድ በኩል ከሱሪው ወጥቷል። አባቴ ወንበር ቢስብለትም ወለሉ ላይ ተንበረከከ። «ኧረ ስብርባሪ ይወጋዎታል» ብትለው አክስቴ፣ አልሰማትም። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ በአጉሊ መነጽር አየ።

«ይሄ ወንዱ ነው» አለ።

ሸረሪትን «ይሄ» ሲል የሰማሁት የመጀመሪያ ሰው ነው። በእኛ ቤት ትንሽ ነገር ሁሉ ሴት ነው፤ ሸረሪቷ፣ መርፌዋ፣ ጠርሙሷ፣ እኔ።

«ሴቷም እዚሁ ሳትኖር አትቀርም» ብሎ ቀጠለ። «ይገርማችኋል፣ ይቺ ዝርያ እዚህ አገር ታይታ አታውቅም። መጤ ናት።»

«ምን ናት?» አለች አክስቴ።

«መጤ። የሌላ አገር። ከመስታወቱ ጋር ነው የመጣችው።»

አባቴና አክስቴ ተያዩ። አክስቴ ሳቋን ለመዋጥ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ በግኝቴ የተደነቁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

«እና ይቺ… መጤ፣ ጉዳት አላት?» አለ አባቴ።

ሰውዬው ሊመልስ ሲል እናቴ ከደረጃው ላይ ጠራችኝ፤ ለእንግዳው ውሃ እንዳመጣ። ብርጭቆውን ሞልቼ እንዳይፈስ በጣቴ ጫፍ እየሄድኩ ስመለስ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። «ሆዷ ነፋ ካለ እንቁላል ይዛለች ማለት ነው» ይላል። «ከፈለፈለች ብዙ ናቸው።» ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ሴቷን ካገኘሻት ጠብቂልኝ። ተመልሼ እመጣለሁ። እሺ?»

እሺ አልኩት። እንዲህ ያለ አደራ ተቀብዬ አላውቅም።

ውሃ ቀድቼ እስክመለስ ያመለጠኝን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ሰውዬው አስተማሪዬ ሆነ። ፀጉሩ አልቋል፣ ሸሚዙ አሁንም በአንድ በኩል ወጥቷል። መስታወት ቤቱን ሳስታውሰው ወዲያው አስታወሰ። «አባትሽ ተመልሼ እንዳልመጣ በስልክ ከለከሉኝ። አትጎዳም ብያቸው ነበር እኮ! ሰው አትነካ፣ ዕቃ አትነካ፤ ምንም እንዳትረጩ አልኳቸው። ደግሜ ነው የነገርኳቸው።» ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መጽሐፎቼን አቅፌ ነበር። ከዚያ የተናገረውን አልሰማሁም።

ሴቷን ሸረሪት ያገኘኋት ሙሽራ ክፍል ነው። አጎቴ የሠራላት ትንሽ ክብ መስታወት አለቻት፤ ፍሬሟና ጀርባዋ መካከል ባለው ስንጥቅ ሸረሪቷ ነጭ ድንኳን ሠርታ ተቀምጣለች። ለአደን አይደለም ድሩ፤ ለቤት ነው። ሆዷ ክብ ነው። ሙሽራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የአሻንጉሊት የምታህል ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። ለየትኛው አሻንጉሊት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ገና ለምትመጣ» አለችኝ። ሊገዙልኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ነገር እንዳላበላሽ።

ከዚያ በኋላ ነው ወሬውን የሰማሁት። የምሳ ሰዓት ነው፤ ሠራተኞቹ ወጥተዋል፣ ሙሽራ ላይ ናት። እኔ ከመስታወቶቹ ኋላ ነኝ። የአባቴ የሥራ ቦት ጫማና የአክስቴ ሹል ጫማ ፊት ለፊት ቆመዋል።

«ሆዷ ገፍቷል» አለ ሹሉ ጫማ።

«አይቻለሁ።»

«ካየህ ምን ትጎለታለህ? ሳትፈለፍል ትውጣ። አንዴ ከፈለፈለች ማን ያስወጣታል? ከዚያ ወዲያ ቤቱ የእሷ ነው።»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች።»

«ትስማ! መጤ አይደለች? ዘመድ የላት፣ ወገን የላት። ማን ይጠይቅላታል?»

ስለ ሸረሪቷ ነበር የሚያወሩት። ሌላ ስለማን ይሆናል? መጤ ናት፤ ሰውዬው ብሏል። ሆዷ ገፍቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ልትፈለፍል ነው። ዘመድ የላትም፤ አንድ ባሏ ነበር፣ እሱንም ሰውዬው በጠርሙስ ወስዶታል።

«መድኃኒት እናስረጫለን» አለ አባቴ። «ሁላችንም እንወጣለን፤ እሷም ትወጣለች። ስንመለስ ቁልፉ ሌላ ነው።»

«አየህ! ሰውዬው ራሱ ሰበቡን ይዞልን መጣ።»

«አልጠረጠረችም አይደል?»

«ከየት ብላ!»

ስምንት ዓይን ይዛ እንዴት አትጠረጥርም ብዬ ተናደድኩባት። ቁልፉ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። ለሸረሪት ቁልፍ ምን ያደርጋል? ከዚያ ገባኝ፤ በቁልፉ ቀዳዳ እንዳትገባ ነው። አዲሱ ቁልፍ ጠባብ ቀዳዳ ይኖረዋል። አባቴ ሁሉን ነገር አስቦበታል ብዬ አደነቅኩት። አስቦበታል።

የእናቴ ነጠላ ጫማ ከደረጃው ወርዶ በሩ ጋ ቆመ።

«ኧረ ይሄ ነገር ግፍ ነው» አለች።

«አንቺ ምጣድሽን ጠብቂ» አለቻት አክስቴ።

«እኔ የለሁበትም» አለች እናቴ። ጫማዋ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ ደረጃውን ወጣ። በረሮ በጫማዋ ስትጨፈልቅ የማውቃት ሴት ለሸረሪት እንዲህ መራራቷ ደስ አለኝ። ዛሬ ስጠይቃት አሁንም «እኔ የለሁበትም» ትላለች። ነበረችበት። ሰምቶ ወጥ ለማማሰል የተመለሰ ሰው አለበት።

«ብቻ አብረን እንቁም» አለች አክስቴ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!»

ተረቱ አይገጥምም ብዬ አሰብኩ፤ ይቺኛዋ በድር አታድንም። ተረቱ በእርግጥም አይገጥምም። ሁለቱ አብረው ያሰሩት አንበሳ አልነበረም። ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች።

በማግስቱ አባቴን መስታወት ሲቆርጥ ጠብቄ ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ሸረሪቷን ልትገድሏት ነው?»

አልማዟ ቆመች። «ማን ነገረሽ?»

«ሰማሁ። መጤ ስለሆነች፣ ሳትፈለፍል እንድትወጣ።»

ፊቱ ላይ የሆነ ነገር መጣና ሄደ። ከዚያ ተቀመጠ፣ እጆቼን ያዘኝ፤ እጁ የመስታወት ዱቄት አለው፣ ይሻክራል። «ጎበዝ ልጅ ነሽ። አዎ፣ ሸረሪቷን ነው። ግን ለሙሽራ እንዳትነግሪያት። ሸረሪት ትወድ የለ? ታዝናለች። ያንቺና የኔ ሚስጥር ነው።»

አባቴ ሚስጥር ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ረዝሜ ዋልኩ።

ታሪኩን እዚህ ሳደርስ ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ ራስሽን አትውቀሺ» ይለኛል። ራሴን አልወቅስም። ልጅ ነበርኩ። የምወቅሰውን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ፤ አሁንም በየሳምንቱ ይደውልልኛል፣ «ቁንጫዬ» ይለኛል።

የመድኃኒቱ ቀን ሙሽራ ደረጃው ሥር ቆማ «ለሸረሪት ነው ይሄ ሁሉ? አትጎዳም እኮ፣ ጋሼ» አለችው።

«የዩኒቨርሲቲው ሰውዬ ነው ያዘዘው። ምን ላድርግ?» አለ አባቴ፣ አዝኖ።

ሙሽራ፣ አክስቴ የምታውቃት ሴት ቤት እንድትሰነብት ተነገራት። ቅያሪ ልብስ ብቻ በትንሽ ቦርሳ ያዘች። እኔ ግን አደራ አለብኝ። እሷ ስትወርድ ክፍሏ ገባሁ፣ ክቧን መስታወት ከነድንኳኗ ሹራቤ ሥር ሸጎጥኩ፤ አክስቴ ቤት እስክንደርስ ሆዴን አቅፌ ሄድኩ። አክስቴ «ምነው፣ ሆድሽን አመመሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ስንመለስ ቤቱ ዓይን የሚያቃጥል ነገር ይሸታል። ዝንቦች መስኮቱ ሥር ተገልብጠዋል። አንድ ሰውዬ በሩ ጋ ተንበርክኮ ቁልፉን ይፈታል። ላይ ስወጣ ሙሽራ ክፍል አልጋው ተራቁቷል፤ ልብሷ፣ ጫማዋ፣ የአጎቴ ፎቶ፣ ያ ትንሽዬ ሸሚዝ፣ ሁሉም መስታወቱ በመጣበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ታጭቆ ላዩ ላይ ጭድ ተነስንሷል። አክስቴ እጇን እያራገፈች «መድኃኒቱ እንዳይነካው ብለን ነው» አለችኝ። አመንኳት። ዕቃው የታሸገው መድኃኒቱ ከተረጨ በኋላ መሆኑን ለመቁጠር ዕድሜዬ አልደረሰም።

ሙሽራ የመጣችው በማግስቱ፣ ገና ሱቁ ሳይከፈት ነው። ከውስጥ ሆነን ቁልፏ በሩን ሲፈልግ ሰማን። ገባ፣ አልዞረም። ወጣ፣ ደግሞ ገባ። አባቴ ጠረጴዛው ጋ ቆሟል፣ አክስቴ ወንበር ላይ ናት፣ እናቴ ደረጃው ላይ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንኳኳች፤ እንደ ሰው ቤት። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ቁልፌ እምቢ አለኝ» አለች።

«አዎ» አለ አባቴ። «ተቀይሯል።»

«ለምን?»

አባቴ አክስቴን አየ። አክስቴ ጥፍሯን አየች። እኔ ደግሞ መልሱን አውቃለሁ፤ መድኃኒቱ ተረጭቶ ነገሩ አልቋል፣ ሚስጥሩም አልቋል።

«ሸረሪቷ በቁልፉ ቀዳዳ እንዳትገባ ነው!» አልኩ።

ሙሽራ ዞር ብላ አየችኝ። «ምን?»

«ሆዷ ስለገፋ፣ ሳትፈለፍል መውጣት አለባት ተብሎ። ከፈለፈለች ማንም አያስወጣትም፤ ቤቱ የእሷ ይሆናል። መጤ ስለሆነች ዘመድ የላትም፣ ማንም አይጠይቅላትም። ግን አትዘኚ፣ እኔ…»

እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት፤ ቀሚሷ ከፊት ተወጥሯል። አየሁት እንጂ አልገባኝም።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አክስቴ። አባዬም።»

«አንቺ ልጅ!» ብላ አክስቴ ብድግ አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ ያገኘችው ነገር አለ። ሳቀች። «ስለ ሸረሪቷ ነው እኮ የኔ እህት! ምን ልብሽን አስደነገጠው? ልጅቷን ጠይቂያት።»

«ጠይቂያት» አለ አባቴም፣ ድምፁን አግኝቶ። «ንገሪያት እስቲ ቁንጫዬ። ስለማን ነበር የምናወራው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በዙሪያችን የቆሙት መስታወቶች ውስጥ ያሉትም ዞሩ።

«ስለ ሸረሪቷ» አልኩ።

እውነቴን ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ እውነት የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ውሸታቸውን ያቆሙት በእኔ እውነት ላይ ነው። ይህን ነገር ይቅር የምልበት ቀን ይመጣል የሚሉኝ አሉ። ይጠብቁ።

ሙሽራ ከእነሱ ጋር አልተከራከረችም። የሚረዳት ጎረቤት፣ የሚሟገትላት ዘመድ፣ የምታውቀው ፍርድ ቤት አልነበራትም፤ እነሱም ያሰሉት ይህንኑ ነው። ከላይ ወርዶ በሩ ጋ ወደተቀመጠው ሣጥን ሄደች። ጭዱን ገለጥ አድርጋ ፎቶውንና ትንሿን ሸሚዝ ብቻ አወጣች። እኔ ሮጬ ክቧን መስታወት አመጣሁላት። «ይኸው፣ አልሞተችም፣ ደብቄያት ነበር» አልኳት። አገላብጣ አየቻት። ድንኳኑ ውስጥ ግራጫ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ጎበዝ» አለችኝ፤ መስታወቷንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«የቀረውን ዕቃ በመኪና እልክልሻለሁ» አለ አባቴ። አሁን ድምፁ የደግ ሰው ሆኗል። «የትም ብትሆኚ ያው ቤተሰብ ነን። ምንም ነገር ቢያስፈልግሽ…»

እናቴ ደረጃው ላይ አለቀሰች። ማልቀስ ትችልበታለች።

ሙሽራ በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። አባቴን ጋሼ እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም፤ ስትጠራው አንገቷን ዝቅ ታደርግ ነበር። አሁን ቀና ብላ ዓይኑን አየችው።

«አንቺ» አለችው። «የወንድምሽን ልጅ ነው ያስወጣሽው።»

የአባቴ ፊት እስከ ጆሮው ድረስ ደም መሰለ። ወንድን «አንቺ» ማለት ስድብ የሚሆነው ሴት መሆን ውርደት ለሚመስለው ሰው ነው። አባቴ ይመስለዋል። የት እንደሚያመው አውቃ ነው የመታችው።

እኔ ግን ቋንቋ የተሳሳተች መስሎኝ አፈርኩላት። ጠጋ ብዬ ቀሚሷን ሳብ አደረግኩና በሹክሹክታ፣ ማንም እንዳይስቅባት፣ «አባዬን አንቺ አይባልም» አልኳት። «እርስዎ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ወጣች፤ በሩን እያየችን ዘጋችው።